ጫሞ ላይ የያዝኩት ገመድ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። የደረሰውም በእኔ ላይ ነው።

ማመን የከበደው ሰው እዚህ ጋ ያቁም... አልቀየመውም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ ነን። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ጨለማ የለም። ጭጋግ የለም። ነፋስ እንኳ የለም።

ይበልጣል እባላለሁ። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው የምኖረው። አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ጸዳለ የዓሣ ተመራማሪ ነበረች።

"ነበረች" ማለት አሁንም ይከብደኛል።

ጸዲ የምታጠናው አምባዛን ነበር። ጫሞ ደፍራሳ ነው፤ ከታች ብዙም አይታይም። ስለዚህ ዓሦቹን የምትከታተለው በድምፃቸው ነው። አዎ፣ ዓሣ ድምፅ አለው። እኔም የሰማሁት ከእሷ ነው።

ችግሩ ግን ተራው የጠላቂዎች መሣሪያ አረፋ ያወጣል። ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዓሦቹ ይሸሻሉ፤ ድምፅ መቅጃውም የሚቀዳው አረፋ ብቻ ይሆናል።

በኋላ በምርምር ፕሮጀክቷ በኩል ሌላ ዓይነት መሣሪያ ከውጭ መጣላት።

አረፋ የማያወጣ።

ቤት ያመጣችው ቀን ሳሎን ወለሉ ላይ ዘርግታ አሳየችኝ።

"ይቤ፣ አየህ... ሰው ከሚስበው አየር የሚጠቀመው ትንሹን ነው። የቀረውን መልሶ ያወጣዋል። ይሄ ግን እንዲባክን አይፈቅድም።"

ከአፍ መያዣው ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ይወጣሉ። ትንፋሿ በአንዱ ይሄድና ትከሻዋ ላይ ወዳለው ከረጢት ይገባል። ከዚያ እንደ ኖራ የነጣ ጠጠር በተሞላ ጣሳ ውስጥ ያልፋል። ጠጠሩ የተቃጠለውን አየር ይዞ ያስቀረዋል። አንዲት ትንሽ ሲሊንደር የጎደለውን ኦክስጅን ትጨምርበታለች። ከዚያ በሌላኛው ቱቦ ተመልሶ ወደ አፏ።

"ዝም ብሎ ይዞራል" አለችኝ እየሳቀች። "የራሴን ትንፋሽ መልሼ መልሼ እተነፍሰዋለሁ።"

"ኦክስጅኑ ሳይጨመር ቢቀርስ?"

"ለዚህ ነው መለኪያ ያለው። እጄ ላይ ባለችው ስክሪን አየዋለሁ።"

"መለኪያው ቢሳሳትስ?"

አንዱን ቱቦ አንስታ ማጠፍ ጀመረች።

"ያኔ... ምንም አይሰማኝም። አያፍነኝም፣ አያስጨንቀኝም። ዝም ብዬ እተኛለሁ።"

ፊቴን አይታ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። "ሦስት መለኪያ እኮ ነው ያለው፣ አንተ ፈሪ! ሦስቱም ባንዴ አይሳሳቱም።"

ያን ቅዳሜ አብሯት የሚጠልቀው ሰይፈሥላሴ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር።

"ይቅርብሽ" አልኳት።

"መቅጃዬን ተክዬ እመለሳለሁ። የመራቢያ ጊዜያቸው ሊያልፍብኝ ነው፣ ይቤ።"

ጀልባውን የሚነዳው ዳልጮ የሚባል እዚያው ሐይቁ ዳር ያደገ ረጋ ያለ ሰው ነው። አዞና ጉማሬ ከሚበዛበት ዳርቻ አርቆ ወሰደንና ሞተሩን አጠፋ።

አረፋ ስለሌለ፣ ከላይ ላለ ሰው ያለው መገናኛ ገመድ ብቻ ነው። አንዱ ጫፍ ወገቧ ላይ፣ ሌላው እጄ ላይ። እኔ አንዴ ሳብ ሳደርገው "እንዴት ነሽ?" ማለት ነው። እሷ አንዴ ሳብ ስታደርገው "ደህና ነኝ።"

ግንባሬን ሳመችኝ። ጎማ ጎማ ትሸት ነበር።

ገባች።

ውሃው ገጠመ... በቃ። አንዲት አረፋ የለም። ሰው የገባበት አይመስልም።

ሳብ አደረግኩ። እንዴት ነሽ?

ሳብ። ደህና ነኝ።

ቆይቼ ደገምኩ። መለሰች።

ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ...

ጸዲ ስትስብ ነጠቅ አድርጋ ነው የምትለቀው። ችኩል ናት። ይሄኛው ቀስ ያለ ነበር። ረጅም። ገመድ ምን እንደሆነ ገና እየለመደ እንዳለ እጅ።

ደክሟት ይሆናል አልኩ።

ቀና ስል ቅድም አጠገባችን ይዋኙ የነበሩት ወፎች የሉም። ሲበሩ ግን አልሰማሁም።

ገመዱ ተሳበ።

ደህና ነኝ።

አልጠየቅኳትም እኮ!

እንደገና ተሳበ። እንደገና። ደህና ነኝ... ደህና ነኝ...

"መምህር" አለ ዳልጮ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምነው?"

"ገመድ ወዴት ነው የሚሄደው?"

አየሁ። ጸዲ የገባችው እዚሁ እግራችን ሥር ነው። ገመዱ ግን ወደ ታች አይወርድም። ውሃው ላይ ተጋድሞ፣ ውጥር ብሎ፣ ወደ ሐይቁ መሃል ይሄዳል።

"ርቃ ሄዳ ነው" አልኩ።

"እሱ እሷ አይደለም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ዝም በል፣ መምህር... ኋላህን እይ።"

ዞርኩ።

ጸዲ በጀልባው በሌላኛው ጎን ተንሳፍፋ ነበር። እጄን ብዘረጋ የምነካት ያህል ቅርብ። ፊቷ ወደ ታች።

ወገቧ ላይ ገመድ የለም።

እጄ ላይ ያለው ገመድ... ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ፣ ተሳበ።

ደህና ነኝ።

ዳልጮ ቢላውን አውጥቶ ገመዱን በጠሰው። የተቆረጠው ጫፍ አልሰመጠም። ውሃው ላይ እየተሳበ፣ እየፈጠነ፣ ከዓይናችን ጠፋ።

ጎትተን አወጣናት። የአፍ መያዣውን ከጥርሶቿ መሃል አላቀቅኩት። ፊቷ ላይ ጭንቀት የሚባል ነገር የለም። እጇ ላይ ያለችው ስክሪን አሁንም ሁሉም ደህና ነው ትላለች።

አፌን አፏ ላይ አድርጌ ትንፋሼን ሰጠኋት። ደግሜ ሰጠኋት። ዳርቻው እስክንደርስ ድረስ ሰጠኋት።

ጸዲዬ አልመለሰችልኝም።

ሆስፒታል ሐኪሟ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። "አዝናለሁ" አለችኝ። "ሕይወቷ ካለፈ ቆይቷል።"

ዳልጮ አየኝ። እኔም አየሁት።

ሰይፈሥላሴ ከነትኩሳቱ ጋቢ ለብሶ መጣ። መሣሪያውን ፈታትቶ አየውና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

"መለኪያዎቹ ውስጥ እርጥበት ገብቷል፣ ይቤ። ሦስቱም ተሳስተዋል። ኦክስጅኑ ሲያልቅባት በቂ ነው ይሏት ነበር።"

"መቼ?"

"እንደወረደች። ታች ከደረሰች ብዙም አልቆየችም።" እጄን ያዘኝ። "አልተሰቃየችም። እመነኝ።"

"እንደወረደች?"

"አዎ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ..."

አልጨረስኩትም። ለማን ልንገር?

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

የጸዲ እናት ወይዘሮ ውብአየሁ ጨንቻ ነው የሚኖሩት። ባላቸው ለመንግሥት ሥራ ወደዚያ ተዛውረው ነበር፤ ባላቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ቀሩ። ከጸዲ ሌላ ልጅ የላቸውም። ማንም ቀድሞ እንዳይነግራቸው ተደረገና በማግስቱ ማለዳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መርዶውን ልንነግራቸው ወጣን።

መንገዱ ዳገት ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ብርዱ ይጨምራል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?

በሩን ሳናንኳኳ እሳቸው ከፈቱት።

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል።

"ቀስ በሉ" አሉን በሹክሹክታ። "ተኝታለች።"

"ማን... እማማ?"

"ማን ትሆናለች? ጸዳለ ናት እንጂ።" ፈገግ አሉ። "ትናንት ረፋዱ ላይ መጣች። ለብቻዋ ሰደድካት እንዴ? ዝናብ መትቷት ይሁን እንጃ፣ ልብሷ ሁሉ ውሃ ነው። ስትንቀጠቀጥ ጋቢ ደራረብኩላት። እህል አልቀመሰችም፣ ልጄ። ዝም ብላ ተኛች።"

አንደኛው ሽማግሌ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሌላው ወደ እኔ አዩ።

ማን ይናገር? እንዴት ብሎ?

እግሬ ዝም ብሎ ወሰደኝ። የጸዲ የልጅነት ክፍል ጓዳው አጠገብ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል።

አልጋው ላይ ጋቢው የተኛ ሰው መስሎ ተቆልሏል።

"ጸዲ..." አልኩ።

ገለጥኩት።

ማንም የለም።

ፍራሹ ግን ርሷል። መሃሉ ሰው እንደተኛበት ጎድጉዷል። መዳፌን አሳረፍኩበት።

ሞቃት ነበር።

እንባዬ ያን ጊዜ ነው የመጣው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፋሁ።

ከኋላዬ እማማ በሩ ላይ ቆመዋል። የሚያዩት እኔን አይደለም። ትራሱን ነው።

"ቀስ በል፣ ልጄ" አሉ በሹክሹክታ። "ትነቃብሃለች።"

ቀና አልኩ።

ትራሱ ላይ ያለው የጭንቅላት ጉድጓድ... እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ጎኑን እንደሚቀይር... ከግድግዳው በኩል ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።