አዲሷ መኪና የገባችበት እሑድ

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ያቺን መኪና የጠላኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሰው፣ ቄሱም ሾፌሩም፣ መምጫዋን እንደ ዓመት በዓል ይጠብቅ ነበር።

ዘመኑ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። መኪናዋ ገና ከባሕር ማዶ ሳትነሣ ሥዕሏ ቀድሞ ደርሶ ነዳጅ ማደያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቀይ ናት። ባለ አራት በር፣ ቤተሰብ ሙሉ የምትይዝ፣ ግን እንደ እሽቅድምድም መኪና የምትበር ናት ተባለ። የከተማው መኪና ወዳድ ሁሉ አመሻሹ ላይ ግድግዳው ሥር ይሰበሰብና ይጨቃጨቃል። የሂርናን ዳገት በስንተኛ ማርሽ ትወጣዋለች? ለቁልቢ ንግሥ ስንሄድ ትቀድመን ይሆን? አንድም ሰው አላያትም፤ ሁሉም ግን ያውቃታል።

የባሰበት መምህር ይልቃል ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ብስክሌት እንኳ የለውም። የተዋወቅነውም እዚያው ነው። አባቴ አቶ አጥናፉ ቡና ነጋዴ ነው፤ ጭነት መኪናችን ናፍጣ ሲቀዳ እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጫለሁ። ይልቃል እጁን እያወናጨፈ ስለ ሞተሯ ሲያስረዳ ወደ ኋላ ተራመደና ከጋቢናችን በር ጋር ተላተመ።

«ይቅርታ እመቤት፣ አላየሁዎትም።»

«እንዴት ያዩኛል? የእርስዎ ዓይን አራት ጎማ የሌለውን ነገር አያይም!»

ሰው ሁሉ ሳቀበት። እሱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑን ቶሎ አላነሣም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላነሣሁም።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ መገናኘት ጀመርን። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ»፣ «እመቤት» ቀርቶ «የሺ» ሆነ። ስለ መኪና ሲያወራ የሞተሯን ድምፅ በአፉ እያሰማ ነው። እስቅበታለሁ፤ ሳቄን ለመስማት ይጨምራል።

ችግሩን ያመጣው ይኸው አፉ ነው። የበደሳው ቡና ነጋዴ አቶ ኃይሉ ስለ መኪናዋ የሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሔት ይዞ መጥቶ እስቲ ንገረኝ አለው። ይልቃልም እንደዚያ በፍቅር አስረዳው። ሰውዬው ገና ከመቀመጫው ሳይነሣ ለመግዛት ቆረጠ። ደስ ብሎት ቃልም ገባለት። «መኪናዋ ስትገባ ከእኔ ቀጥሎ መሪዋን የምትይዘው አንተ ነህ። እስከ ሚኤሶ ነድተህ ትመለሳለህ።» ይልቃል ያን ሰሞን መሬት መርገጡንም እንጃ።

ደስታው ሳይበርድ ኃይሉ ወደ አባቴ መልእክት ላከ። የፈለገው እኔን ነው። አባቴም፣ ያው እሱም የመኪና ፍቅር ይዞታልና፣ «መኪናህን ስታስገባ ሽማግሌዎችህን ላክ፤ ያን ዕለት እሰማቸዋለሁ» አለ። ከተማው ነገሩን ያለቀ አድርጎ ያዘው። ሰው ሁሉ መኪናዋን ሲጠብቅ የእኔ ነገር መወሰጃዬን ቆሞ መጠበቅ ሆነ።

ይልቃልን አጥሩ ጥግ አገኘሁት።

«በሚመጣው እሑድ ከድሬዳዋ ትገባለች አሉ» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«ከእሷ ጋር የሚመጡትንስ ሰምተሃል?»

 የነጠላዬን ጥለት ሲያይ ቆይቶ፣ «የሺ፣ እኔ እዚህ አገር ማን አለኝ? ቆሞ የሚጠይቅልኝ አባት የለኝ፣ አጎት የለኝ። ማንን ልላክ?» አለ።

«እንግዲያው መሪዋን ይዘህ አንተው ለኃይሉ አድርሰኝ!»

ጥዬው ሄድኩ። ቤት እስክደርስ ተናድጄ ነበር፤ ከደረስኩ በኋላ ግን ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ያን ሳምንት ዓይኑን አላየሁትም።

እሑድ ጠዋት አባቴ ከቅዳሴ ተመልሶ ጋቢውን ገና ሳያወልቅ ሁለት ሰዎች ግቢያችን ገቡ። አንደኛው የንስሐ አባታችን መምሬ ዓባይ ናቸው። ሁለተኛው ኦቦ ሙሜ ነው፤ የመንገዱ ሾፌሮች ሁሉ አባት የሚሉት፣ ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው። እኔ በጓዳው በር ስንጥቅ አያለሁ።

«ምነው ሙሜ፣ በደኅና ነው?» አለ አባቴ።

«በደኅና ነው አጥናፉ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅህን ለመምህር ይልቃል ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ሦስተኛ ሽማግሌ ፈልገን አጣን፤ ሰው ሁሉ መኪና ሊያይ ወጥቷል።»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። አፉን ሊከፍት ሲል ከመንገዱ ጥሩምባ ተሰማ፤ ከተማው በሆታ ተናወጠ። አባቴ አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ በሩን አየና «ቆዩኝ» ብሎ ወጣ።

እነሱም ቆሙ። በእኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ፣ የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» እስኪለው አይቀመጥም፤ እህል ውሃም አይቀምስም። «ተቀመጡ» ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። መልስ ሳያገኝ ከቀመሰ ግን ጥያቄው ወደቀ።

መኪናዋ ከአጥራችን ውጭ፣ ልክ ከጀርባቸው ቆማለች። አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ዞር ቢሉ ያዩዋታል። ፀሐዩ እየበረታ ሄደ። የሙሜ አንገት ቀስ እያለ መዞር ጀመረ።

«ኦቦ ሙሜ!» አሉ መምሬ።

«ኤዬ፣ እሺ! አላየሁም፣ ዋላሂ!»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን የበሩን መቃን ጨብጬ ይዤ ነበር።

ከሙሜ ትከሻ በላይ ውጭው ይታየኛል። ኃይሉ ራሱ ከመሪው ወረደ። ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይመጣም፤ ግን ያቺን መኪና ለማን አምኖ ይስጥ? ሦስቱ ሽማግሌዎቹ ሞተሩ ላይ አጎንብሰዋል። እናቴ ለእንግዳ ደንብ ነው ብላ ጠጅ አወጣች። አንዱ «ትመረቅ እንጂ!» ሲል ሦስቱም ተቀብለው ጨለጡ። አባቴ ብርሌውን አንሥቶ ነበር፤ በግቢው የቆሙትን ሽማግሌዎች አየና ሳይቀምስ መለሰው።

«ይልቃልስ?» አለ ኃይሉ ሰውን በዓይኑ እየፈለገ። «መሪዋን እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ። ጥሩልኝ።»

ያየው አልነበረም። አባቴ ዞር ብሎ ግቢ ውስጥ የቆሙትን ሁለት ሰዎች አየ።

ሁሉም ተያይዘው ገቡ። የኃይሉ ታላቅ ሽማግሌ አፉን እየጠረገ፣ «እንግዲህ አቶ አጥናፉ፣ የመጣንበት ጉዳይ...» ብሎ ጀመረ።

«የመጣችሁበትንማ ጠጣችሁት» አለ አባቴ። «ዛሬ የመጣችሁት መኪና ልታስመርቁ ነው። ተመርቃለች።»

«ጋሼ አጥናፉ» አለ ኃይሉ ደንግጦ። «በአንድ ብርሌ ጠጅ? እንግዲያው ሌላ ቀን እልካቸዋለሁ።»

አባቴ ወደ ሙሜ ዞረ። «አንተስ፤ የምትጠይቅለትን ሰው ዘሩን ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ጎጃም ሄጄ አላውቅም። ግን ስማኝ አጥናፉ። እኔ አንድ ጠዋት ይቺን መኪና አላይም ብዬ አንገቴ ሊሰበር ነው። ያ ልጅ ዓመት ሙሉ ሲያልማት ነበር፤ መሪዋን እንካ ተብሎ ደግሞ ቀረ። ለልጅህ ብሎ ነው የቀረው። እኔ ለልጄ ከዚህ ሌላ ዘር አልጠይቅም።»

 ለኃይሉ ነገሩ የገባው ያኔ ነው፤ ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። «እምቢ» ሊል ነው ብዬ አሰብኩ። እምቢ ካለ ደግሞ ማንም አያስመልሰውም።

የጓዳውን በር ከፍቼ ወጣሁ። ሽማግሌ በቆመበት ሴት ልጅ አትወጣም። እናቴ «ውይ የሺሐረግ!» ብላ አፏን ያዘች። እኔ ግን ሄጄ ከሙሜ ጎን ቆምኩ። አባቴን ቀጥ ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ተያይተን አናውቅም።

«ተቀመጡ» አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሙሜ፣ ተቀመጥ። መምሬ፣ ይቀመጡ።»

ኃይሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ለአባቴ እጅ ነሥቶ ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

እኔ በጓሮ በኩል ሮጥኩ። የይልቃል ቤት ዋናው መንገድ ላይ ስለሆነ መኪናዋን ላለማየት ትምህርት ቤት መደበቁን ገምቻለሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የተማሪ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሣ፤ መጠየቅ ፈርቷል።

«ተቀመጡ አላቸው» አልኩት።

 ሁለት እጆቼን ይዞ ፊቱን ቀበረባቸው፤ እንባው መዳፌን አሞቀው።

የበደሳ መንገድ በዚያው መስኮት ሥር ያልፋል። ዓመት ሙሉ በአፉ ሲያሰማን የኖረው ድምፅ መጣ፤ መስኮቱ ነዘረ፣ ቀይዋ ብልጭ ብላ አቧራዋን ጥላ አለፈች። እሱ ቀና ብሎ እኔን ያያል።

«ይልቃል፣ አለፈችህ እኮ!» አልኩት።

«ማን?» አለኝ።