ሰባሪው ጠጋኝ

ጭብጨባው ሲቀልጥ የአጅዋንግ እጆች ጭኗ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

«ውሃ ጠጥቼ እስክመለስ ጨረሰው እኮ!» አለች የነርሷ ልጅ መቅደላዊት። «ኦፒው፣ አንተ ግን ሰው ነህ?»

ኦፒው ከኮምፒውተሩ ፊት ተነስቶ እንዳሸነፈ ቦክሰኛ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ቴኒና ሌሎቹ የክበቡ ልጆች በሳቅ አጀቡት። መምህር ዘርአብሩክ ከኪሳቸው የለስላሳ ቆርኪ አወጡና ግድግዳው ላይ ከኦፒው ስም ሥር በሚስማር መቱት። ከእሱ ስም ሥር የተደረደረው ቆርኪ ከማንም ይበልጣል። ቀጥሎ ያለችው አጅዋንግ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ያገኛቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ ሕፃናትን ሒሳብ የሚያስተምር ጨዋታ አለ። ልጁ በትክክል ከመለሰ ጀልባው ላይ ያለው ሰውዬ ዓሣ ያወጣል፤ ከተሳሳተ ጀልባው ይሰምጣል። የሠሩት ሰዎች በነፃ ነው የለቀቁት፤ ውስጡም ክፍት ነው። የፈለገ ሰው የተጻፈባቸውን መስመሮች እያነበበ ማስተካከል፣ አባዝቶም ለሌላው መስጠት ይችላል። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው፤ ሕፃናቱ በየቋንቋቸው መማር ጀምረዋል፣ መጽሐፉ ግን እንደ ልብ አይገኝም። መምህር ዘርአብሩክ ስለ ጨዋታው ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ፤ ጨዋታውን ለአካባቢው ልጆች የሚያዘጋጅ ክበብም አቋቋሙ።

ችግሩ ሥራው ክፍያ የለውም። በዚያ ሙቀት ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ከማፍጠጥ ባሮ ወንዝ ወርዶ መዋኘት የማይሻለው ማን ነው? ልጆቹ አንድ በአንድ ሲሸሹ መምህሩ ቆርኪውን አመጡ። ስህተት አግኝቶ ያስተካከለ አንድ ቆርኪ ይመታለታል። ብዙ ቆርኪ ያለው ደግሞ አዲስ አበባ በሚደረገው የክበቦች ስብሰባ ላይ ሥራቸውን ያሳያል፤ የሚሄደውም በአውሮፕላን ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል።

የዛሬውን ስህተት ይዛ የመጣችው ኛዳክ ናት፤ ኢታንግ የምታስተምር ወጣት መምህርት። ጨዋታው በዲስክ ተገልብጦ ከሄደላቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ የእሷ ነው። የእህል መኪና ለምና ተሳፍራ ስለመጣች ፀጉሯ ሁሉ አቧራ ነበር።

«የሰባት ማባዣ ነው» ብላ ነበር ስትገባ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ልጅ ትክክል ይጽፋል፣ ጀልባ ይሰምጣል። ሪክ የሚባል ተማሪ አለኝ፣ በሒሳብ አንደኛ ነው። እሱ ሁልጊዜ ሰመጠ። ልጆች ሳቁበት። እኔም ‹ትቀልዳለህ› ብዬ ከኮምፒውተር አስነሳሁት። እኔ ኮምፒውተር አመንኩ፣ ልጅ አላመንኩም።»

«አሁን አልነገርሽውም?» አሉ መምህር ዘርአብሩክ።

«ራሴ ሞክሬ ሲገባኝ ነገርኩት። ግን የኮምፒውተር ቀን ከቤት አይወጣም። ‹ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ ደደቡ እኔ ነኝ› ይላል።»

«አይዞሽ፣ ማሽን ነው፤ ያጋጥማል» አሏት መምህሩ። «ኦፒው፣ ና እስቲ እየው።»

ኦፒውም አየው። አጅዋንግ አጠገቡ ተቀምጣ ስለነበር እሷም አየች። የተበላሸ ነገር የሚፈልግ ሰው መስመሮቹን ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭንቅላቱን ያካል፣ አንዱን ነካክቶ ይሞክራል፣ እንደገና ይጀምራል። እሷ አንዷን ስህተት ስታሳድድ ሳምንት የፈጀችበት ጊዜ አለ። ኦፒው ግን ምንም አልፈለገም። ከፈተው፣ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ አንዱ መስመር ላይ ቆመ፣ አስተካከለው። የራሱን ቤት በር የሚከፍት ሰው እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ የሰባት ማባዣ ደህና እንደነበር አጅዋንግ ታውቃለች፤ ዲስኩ ኢታንግ ከመሄዱ ጥቂት ቀን በፊት ታናሽ ወንድሟን አምጥታ አጫውታበታለች።

ጭብጨባው የቀለጠው ያኔ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ ወትሮው አብረው ነበሩ፤ ሰፈራቸው አንድ ነው። ኦፒው መንገዱን ሁሉ ስለ አውሮፕላን አወራ፤ በመስኮት በኩል መቀመጥ እንደሚፈልግም ተናገረ። የባሮ ድልድይ ላይ ሲደርሱ አጅዋንግ ቆመች።

«ነቄ ነኝ ኦፒው።»

«በምኑ?»

«በሰባቱ። ያበላሸኸው አንተ ነህ።»

ሳቀ። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። «አታካብጂ ባክሽ።»

«ሳትፈልግ ነው ያገኘኸው። አጠገብህ ነበርኩ እኮ!»

ሁለቱ ሲቀልዱ አማርኛ ነው፤ ሲጣሉ አኙዋክኛ። ኦፒው ወደ አኙዋክኛው ዞረ።

«እሺ፣ እኔ ነኝ። እና ምን ይሁን? የሰበርኩትን ራሴ ጠገንኩ። ያለፉትንም እንደዚያው ነው ያደረግኩት፤ ሁሉንም አይደለም፣ አንዳንዱን። ማንም አልተጎዳም።»

«ሪክስ?»

ኦፒው የድልድዩን ብረት በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። «እሱ ጋ እንደሚደርስ በምን አውቄ? ሐሙስ አበላሽቼ ዓርብ ‹አገኘሁት› ልል ነበር። ዓርብ መብራት ጠፋ። ሰኞ ስመጣ ቲቸር ዲስኩን ገልብጠው ልከውታል።»

«ያኔውኑ አትናገርም ነበር?»

«ምን ብዬ? ‹ቲቸር፣ ሌባ ነኝ› ብዬ?»

አጅዋንግ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ቀደማት፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

«ክረምቱን ሙሉ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ጨዋታውን በአኙዋክኛ ያደረገው ማን ነው? ፈረንጆቹ ‹ዓሣ› ብለው ብቻ ነው የተዉት። ጀልባ ለጀልባ እየዞርኩ ሽማግሌዎቹን የእያንዳንዱን ዓሣ ስም ጠየቅኩ፣ ሣልኩት፣ ጻፍኩት። የቀበሌው ሕፃን ሁሉ ‹ያ ዓሣ መጣ፣ ይሄኛው መጣ› እያለ የሚጮኸው በእኔ ሥራ ነው። ስጨርስ ቲቸር ምን አሉኝ? ‹ጎበዝ›። በቃ። ስህተት ስላልሆነ ቆርኪ የለውም! ቴኒ አንዲት የጎደለች ነጥብ ጨምሮ ቆርኪ ሲመታለት ቆሜ አጨበጨብኩ።»

እውነቱን ነው። አጅዋንግ ያን ክረምት ታስታውሳለች፤ እግሩ ጭቃ፣ እጁ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይመጣ ነበር። መስመሮቹን ማንበብ ያስተማራትም እሱ ነው፤ ለዚያም ማንም ምንም አልሰጠው። አዘነችለት። ተናደደችበትም። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ ሲመጡባት የትኛውን እንደምታስቀድም ግራ ገባት።

«ለቲቸር ንገራቸው» አለችው። «ይሄንንም ጨምረህ ንገራቸው።»

«ከተናገርኩ ማን እንደሚሄድ ታውቂያለሽ አይደል?» ዓይኗን ትክ ብሎ አያት። «አንቺ ነሽ።»

አጅዋንግ ፊቷ ጋለ። ይህን ያላሰበችው ቢሆን ኖሮ ልትሰድበው ትችል ነበር። ግን አስባዋለች፤ ክፍሉ ውስጥ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ ነው ያሰበችው።

«ነገ ጠዋት ቲቸር ጋ እገባለሁ» አለችው በመጨረሻ። «ቀድመኸኝ ከገባህ እኔ ዝም እላለሁ።»

ኦፒው ድልድዩን ብቻውን ተሻገረ።

የአጅዋንግ አባት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ ጫኝና አውራጅ ናቸው። ልጅቷ ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ከአጥሩ ሥር ቆማ አይታለች፤ በደረጃው ወጥታ ግን አታውቅም። አባቷም አያውቁም። ማታ እራት ሲቀርብ ዓሣውን እየፈለፈሉ ቀለዱባት።

«እህ፣ ቆርኪሽስ? ሻንጣሽን የምጭነው መቼ ነው?»

«ሁለተኛ ነኝ፣ አባባ።»

«ሁለተኛም ደህና ነው። አንደኛው ተቅማጥ ከያዘው ትሄጃለሽ።»

ወንድሟ በሳቅ ፈረሰ። አጅዋንግ የራሷን ድርሻ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

ነገሩን ከየትም ብትይዘው ያቃጥላል። ብትናገር፣ መቅደላዊት «በቅናት ነው» ትላለች፤ ቴኒ «ጓደኛዋን ሸጣ በረረች» ይላል። ይባስ ብሎ እሷ ራሷ ቅናት እንዳልሆነ መማል አትችልም። ዝም ብትል ደግሞ ኦፒው ይሄዳል፣ ስህተቱ እንደሆነ ተስተካክሏል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ኢታንግ ያለው ልጅ ብቻ ደደብ እንደሆነ አምኖ ይቀራል። እሱን አይታው አታውቅም። ምን አገባት?

ግን አገባት። ወንድሟ በጣቶቹ ሰባት ጊዜ ሰባት እየቆጠረ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤት ደረሰች። ኦፒው የለም። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ተማሪው በቡድን በቡድን እየገባ ግቢው ሲሞላ እሱ አልመጣም። ከተማ ያደረችው ኛዳክ አዲሱን ዲስክ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደሚመልሳት የእህል መኪና ስትጣደፍ ሰላም አለቻት።

«ለሪክ ምን ትይዋለሽ?» አለቻት አጅዋንግ።

«ማሽን ነው እለዋለሁ። ቲቸር እንዳሉት።»

«ያምንሻል?»

ኛዳክ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንድ ጊዜ ማሽን አመንኩ፣ እሱን ተውኩ። አሁን ለምን እኔን ያምናል?» አለችና ሄደች።

አጅዋንግ ገባች። መምህር ዘርአብሩክ ብቻቸውን ነበሩ፤ የሸሚዛቸው ጀርባ ገና በጠዋቱ በላብ ርሷል።

«አጅዋንግ! ልጠራሽ ስል መጣሽ» አሉ ፖስታ እየዘረጉላት። «ይህን ለአባትሽ ስጪልኝ። ለትኬት ቢሮው ያድርሱልኝ። የኦፒው ስም ነው፤ ዛሬ ካልገባ ቦታ አይገኝም።»

ተቀበለች። ይህን ያህል የቀለለ ነገር ይዛ አታውቅም። አባቷ ከሰዓት በኋላ ያደርሱታል፣ ቅዳሜ የኦፒውን ሻንጣ ይጭናሉ፣ እሷም ከአጥሩ ሥር ቆማ እጇን ታውለበልብለታለች። ጓደኛዋ ጓደኛዋ ሆኖ ይቀራል። ማድረግ ያለባት ነገር ቢኖር ምንም አለማድረግ ነው።

ፖስታውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አሉ መምህሩ።

«እስክጨርስ ድረስ አይላኩት፣ ቲቸር። ስለ ኦፒው ሁለት ነገር ልነግርዎት ነው። አንዱን ብቻ ሰምተው እንዳይነሱ።»

«ምን ሆነሻል? አስደነገጥሽኝ።»

«በእሱ ቦታ ደግሞ የእኔን ስም እንዳይጽፉ።» መሄድ ትፈልጋለች፤ አሁንም፣ እዚያው ቆማ፣ ከምንም በላይ ትፈልጋለች።

መምህር ዘርአብሩክ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወንበር ሳቡላት። በመስኮቱ በኩል ኦፒው ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሞ አየችው። መቼ እንደመጣ አላወቀችም። ወደፊት አይመጣም፣ ወደ ኋላም አይሄድም። አጅዋንግ ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ የምትለውን ሁሉ ከዚያው ሆኖ እንዲሰማ። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ቲቸር» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ኦፒው ክረምቱን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደከረመ ያውቃሉ?»