ግራውን ብቻ እዩ

መምህር ልዑልቃል አምስት የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደሩና ሦስተኛውን ጥያቄ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«እስቲ ስሙት» አሉ። «‹ከግራ እየወጣ መጥቶ ዜሮ ላይ ስለቆመ ማክሲመም ነው።› ይሄ የኤርጎ ነው። ይሄኛው የሶሲ፤ ‹ከግራ እየወጣ መጥቶ።› የሌሎቹም እንደዚሁ፣ ቃል በቃል። አንዱ ጽፎ አራቱ ኮርጀዋል። ማነው የጻፈው?»

አምስቱ ልጆች ሰሌዳው ሥር ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ። የቡድናቸው መሪ ሩሐማ ግን ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ናት። የሷ ወረቀት ከነዚያ መሃል የለም። ሦስተኛውን ጥያቄ በትክክል ሠርታዋለች።

ቡድኑ ያው አንድ ለአምስት የሚባለው ነው፤ ጎበዙ ይመራል፣ አምስቱ ይከተላሉ። የነሩሐማ ቡድን ከትምህርት በኋላ የድሮው ኤርፖርት ሜዳ ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚያጠናው። አጠናናቸው እንደ መዘምራን ነው። ሩሐማ ታወጣለች፣ አምስቱ እስኪሸመድዱት ይቀበሏታል። የፈንክሽን ማክሲመምና ሚኒመም ላይ ሲደርሱ መምህሩ የነጥቡን ግራና ቀኝ እዩ ብለው አስተምረው ነበር፤ እሷ ግን አቋራጭ አገኘሁ አለች።

«ደሪቬቲቩ ዜሮ የሆነበትን ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ ግራውን ብቻ እዩ። ከግራ እየወጣ መጥቶ ከቆመ ማክሲመም፣ እየወረደ መጥቶ ከቆመ ሚኒመም። በቀኙ ጊዜ አታቃጥሉ።»

«ቀኙንስ ለምን አናየውም?» ብሎ ኤርጎ አንዴ ጠይቋት ነበር።

«ከወጣ በኋላ መውረድ ነዋ። ሌላ የት ይሄዳል?» ብላ አሳቀችበት። ጎበዝ ጎበዝ ሲባል ያደገ ልጅ መጠየቅ አይወድም፤ የሩሐማም ነገር እንደዚያው ነው።

ጉዱ የመጣው በፈተናው ዕለት ጠዋት ነው። የቧንቧ ውኃ ስለጠፋ ከነሪ ወንዝ ቀድታ፣ ጄሪካኗን አዝላ ወደ ሰፈሯ የሚወስደውን አቀበት ትወጣለች። መሃል ላይ መንገዱ ደልደል ሲል ሸክሟን አወረደችና እፎይ አለች። ቀና ስትል አቀበቱ ከፊቷ ይቀጥላል። ቆማ አየችው። መንገዱ ወጣ፣ ደልደል አለ፣ እንደገና ወጣ። የቆመችበት ቦታ ስሎፑ ዜሮ ነው፤ ጫፍ ግን አይደለም። ቤት ገብታ የኤክስ ኪዩብን ግራፍ ሣለችው፤ ቁርጥ አቀበቱን ነው። ማክሲመምም ሚኒመምም የለውም። ልጆቹን ገደል ከታቸዋለች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አምስቱም እየጠበቋት ነበር።

«ግራውን ብቻ ነው አይደል?» አላት ኤርጎ።

እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሌላ ቡድን ልጆች አጠገባቸው ቆመው ይሰማሉ፤ በነሱ ፊት «አሳስቻችኋለሁ» ማለት ሞት ሆነባት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና «አዎ፣ አትጨናነቁ» ብላ አለፈች። ደወሉ እስኪደወል ሁሉንም ለማስረዳት የሚበቃ ጊዜ ነበራት። ሳትጠቀምበት ቀረች፤ ፈተናው ላይም ያ ኤክስ ኪዩብ መጣ።

«አትናገሩም?» አሉ መምህሩ አሁን። «ጥሩ። አምስታችሁም ዜሮ። ጉዳዩ ደግሞ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል።»

ኤርጎ ደነገጠ። ለሱ ነገሩ በዜሮ አያበቃም። ከሩቅ፣ ከዲመካ መጥቶ የሚኖረው በተማሪዎች አዳሪ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ በኩረጃ የተያዘ ልጅ ጓዙን ጠቅልሎ ወደመጣበት ይሸኛል። ከወንድም እህቶቹ የተማረ እሱ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛን ሳይጨርስ ከተመለሰ ደግሞ ዳግመኛ የሚልከው የለም።

«ቲቸር፣ እኔ አልኮረጅኩም» አለ ቀስ ብሎ። «የተማርኩትን ነው የጻፍኩ።»

«ለኮሚቴው ትነግራለህ።»

ሶሲ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ሩሐማ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብላ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለቻት። ሩሐማ ፊቷ እሳት ሆነ።

በእረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። ኤርጎ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሟል፤ ሊለምን ነው የመጣው። አብረው ገቡ።

«ቲቸር፣ አልተኮራረጁም» አለች። «እንደዚያ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ቃሉም የኔ ነው።»

መምህር ልዑልቃል መነጽራቸውን አወለቁ። «ለጓደኛ ማዘን ጥሩ ነው፤ መዋሸት ግን አያምርብሽም። አንቺ አስተምረሻቸው ቢሆን ኖሮ አንቺም ትሳሳቺ ነበር። ያንቺ ልክ ነው።»

ሩሐማ ይሄን አላሰበችውም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ካለች ሁሉም ነገር ያልቃል ብላ ነበር የመጣችው።

«ስህተቱ ፈተናው ላይ ነው የገባት» አለ ኤርጎ ፈጥኖ። «ጎበዝ ናት፣ እያሰበች ነው የምትሠራ። እኛ የሸመደድነውን ጻፍን። ቀድማ ብታውቅማ በር ላይ ትነግረን ነበር ቲቸር። ሩሐማ አውቃ አታሳስተንም።»

መምህሩ ወረቀቶቹን እያገላበጡ አሰቡበት። ቀስ በቀስ ፊታቸው ፈታ አለ። «እሱስ ያስኬዳል። እንደዚያ ከሆነ ኮሚቴ የሚያደርስ ነገር የለም፤ የጥያቄው ማርክ ብቻ ይቀርባቸዋል» አሉና ወደሷ ቀና አሉ። «እንደሱ ነው?»

ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃል። ኤርጎ ከአዳሪ ቤቱ አይወጣም፣ እሷም እንደተከበረች ትቀራለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ኤርጎ ፈገግ ብሎ፣ በይ እንጂ ዓይነት፣ በዓይኑ ያበረታታታል። እንዲህ ያመናት ሰው ኖሮ አያውቅም።

«አይደለም ቲቸር» አለች። ከዚያ መምህሩን ትታ ወደ ኤርጎ ዞረች።

«በር ላይ ስትጠይቀኝ አውቄ ነበር።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየችው። እሱ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም፤ የሚላትን ልትሰማ እዚያው ቆመች።