ከወህኒ ቤቱ በር ማዶ

ሶያማ ዛሬም ድረስ ቅዳሜ የጎብኚ አውቶቡሶች ሰበታ ሲገቡ «ተመስገን» ሳትል ምድጃዋን አትለኩስም። ምን ታድርግ፤ የድሮው ወህኒ ቤት የተዘጋ ጊዜ እኮ በሩ ላይ ለእስረኛ ጠያቂ ምሳ የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ፣ እሷን ጨምሮ፣ ባዶ እጃቸውን ነበር የተበተኑት። ሙዚየም ሲሆን ግን ሰው ጎረፈ። እሷ ከበሩ ማዶ ምግብ ቤት ከፈተች፤ የአባቷ የኦቦ ዱቤ ወተትም እዚያው ገዢ አገኘ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ዮፍታሔ መጣ።

ከቡራዩ እየተመላለሰ ሙዚየሙን የሚያስጎበኝ ዓይነ አፋር ልጅ ነው። ምሳውን ጨርሶም አይሄድም።

«እንግዶችህ እየጠበቁህ እኮ ነው» ትለዋለች።

«ይጠብቁ። እኔስ ስንት ወር ጠበቅኩ?»

«ምንን?»

ቀና ብሎ አያት። መልሱን ከዓይኑ አገኘችው፤ ልቧ ቅልጥ አለ።

ሽማግሌ ሊልክ ሲል ግን ኦቦ ዱቤ እምቢ አሉ። በጎልማሳነታቸው ሁለት ዓመት የታሰሩት እዚያው ግቢ ነው፤ ከተፈቱ ወዲህ በበሩ አልፈው አያውቁም።

«በኔ መከራ እንጀራ ለሚበላ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

«የኔስ እንጀራ ከየት ነው አባዬ? የርስዎስ ወተት?»

አባቷ የወተት ዕቃቸውን አንስተው ወጡ። ሶያማ ያለ እሳቸው ምርቃት አታገባም፤ ያለ ዮፍታሔም መኖር አልሆነላትም። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች።

ይህን ሲያዩ የሰነበቱት ኦቦ ዱቤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው በዚያ በር ሲገቡ ከምግብ ቤቷ አየቻቸው። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ተከተለቻቸው።

ዮፍታሔ ስለ ስንቅ መቀበያዋ መስኮት እያስረዳ ነበር። «ምግብ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ጠባቂው ፊት ይቀምሳል...» ሲል ሽማግሌውን አያቸውና ደነገጠ። ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«አባባ፣ እኔ ከወረቀት ያነበብኩትን ነው የማወራው። እርስዎ ይንገሩን።»

ኦቦ ዱቤ ወደ መስኮቷ ተጠጉ።

«ባለቤቴ በሁዳዴ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዛ ትመጣለች። ‹ቅመሺ› ይሏታል። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ናት። ካልቀመሰች ደግሞ እኔ አልበላም። ሁለት ሁዳዴ እዚህች ላይ ቆማ ለኔ ስትል ጾሟን ገደፈች። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ሳልላት ሞተች።»

ሶያማ ይህን የእናቷን ነገር ገና መስማቷ ነው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ለሚመጣው ሰው ሁሉ እንድነግር ይፍቀዱልኝ» አለ ዮፍታሔ።

«ቶሌ፣ እሺ፣ ንገር» አሉት። «ስሟ ጠጅቱ ነው። ስትነግራቸው ግን አማቴ ናት በላቸው።»