በደንብ የተለጠፈው ጎማ

አመፁ በተሰበረ በሰባተኛው ወር፤ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ፤ የከተማዋን ጦር የሚያዝዘው ሻምበል ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ከታችኛው ገበያ ጥግ ወዳለው የብስክሌት ቤት ገባ። የቤቱ በር በአሥራ አራት ጥይት ተበሳስቶ ነበር፤ መሣሪያ ላስረከበ ምሕረት ይደረጋል ብሎ አዋጅ ያስነገረው ይኸው ሻምበል፤ አምነው እጃቸውን የሰጡትን ዘጠኝ ሰዎች ያስረሸነው እዚሁ በር ላይ ነውና። የቤቱ ባለቤት ደሙን በሳሙና አጥባ አስለቅቃለች፤ ቀዳዳዎቹን ግን ሆን ብላ አልደፈነቻቸውም።

ሴትዮዋን ሰው ሁሉ ባለቸርኬዋ ይላታል። አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፤ ከአባቷ በወረሰችው ሙያ የእሽቅድምድም ቸርኬ የምታቃናና ጎማ የምትለጥፍ፤ ጣቶቿ በማስቲሽ የጠቆሩ፤ ምላሷም የማይቻል ሴት ነበረች። ታናሽ ወንድሟን ጭልፊትን እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እርሷ ናት። ጭልፊት በብስክሌት የሚቀድመው ያልተገኘለት ጋላቢ ነበር፤ በአመፁ ጊዜ የአማፂያኑን ደብዳቤ ሲያመላልስ ተይዞ፤ ስቅላት ተፈርዶበት፤ በምሽጉ እስር ቤት ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

«እንደምን አደሩ እመቤቴ» አለ ሻምበሉ ባርኔጣውን አንሥቶ። «እሑድ ክቡር አገረ ገዥው ያዘዙት የሰላም ውድድር አለ። እኔም እወዳደራለሁ። የከተማው ሰው ግን ‹ጭልፊትን አስሮ ቢያሸንፍ ምን ይደንቃል› እያለ እንደሚያማኝ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወንድምዎ ወጥቶ ይወዳደራል። ከጨረሰ ስቅላቱ ይቀርለታል፤ አገረ ገዥው በሕዝብ ፊት ቃል ይገባሉ።»

«ቃል እንኳ አታጡም ጌታዬ» አለች፤ ዓይኗን ወደ በሩ ቀዳዳዎች ወርውራ።

ሻምበሉ እንዳልሰማ ሆነ። «ሁለት ጥንድ ቸርኬ ከነጎማው መርጠው ያዘጋጃሉ። የትኛው ጥንድ የማን እንደሚሆን መነሻው ላይ እኔ እወስናለሁ፤ የተረፈው የወንድምዎ ነው። እንግዲህ ተንኮል ካማረዎት፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ አያውቁም።»

«ምነው እርስዎ፤ ተንኮሉን ሁሉ ለብቻዎ ጨርሰውት የለ!» አለችው። ሻምበሉ ሳቀና ወጣ።

ነገሩ እንዲገባን ሙያውን ጥቂት ማወቅ ያሻል። የእሽቅድምድም ጎማ እንደ ተራው ጎማ አይደለም፤ ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ፤ ከመነዳሪው፤ ውስጡ ገብቶ ይሰፋና ድቡልቡል ቧንቧ ይሆናል፤ ከቸርኬው ጋር የሚያያይዘውም ማስቲሽ ብቻ ነው። ማስቲሹ አንድ ጊዜ ይቀባል፤ አንድ ቀን ይደርቃል፤ ሁለተኛ ይቀባል፤ ከዚያ ጎማው ተወጥሮ ይለጠፋል። ማስቲሹ ከከዳ ጎማው ይሾልካል፤ ጋላቢውንም የሚቀበለው ድንጋይ ነው። በባለቸርኬዋ ቤት ደግሞ አዲስ ጎማ ለውድድር አይሰጥም፤ አባቷ ከምድር ቤቱ ጨለማ ውስጥ ለዓመታት ሰቅለው ያበስሉት ነበር። የበሰለ ጎማ ጠጠር አይበሳውም፤ መልኩ ግን አመድማ ስለሚሆን ለማያውቅ ሰው የተጣለ ዕቃ ይመስላል።

ባለቸርኬዋ ሁለት ጥንድ ቀላል የአሉሚኒየም ቸርኬ መረጠች፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወጥራ አቃናች። ለአንደኛው ጥንድ ሰባት ዓመት የተሰቀሉትን አመድማ ጎማዎች አወረደች፤ ለሁለተኛው ነጭና የሚያብረቀርቁ አዲስ ጎማዎች ከካርቶን አወጣች።

«ይሄ ጅል ነጩን ነው የሚያነሣው» አለች ለብቻዋ። «የሚያብለጨልጭ የማይወድ ሹም የት ታይቶ!»

አሮጌዎቹን ለወንድሟ ብላ እንደ ሙያው ለጠፈቻቸው፤ በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያ ተጠንቅቃ አታውቅም። ከነጩ የፊት ጎማ ላይ ግን ማስቲሽ የቀባችው ከንፋስ መግቢያው ግራና ቀኝ ስንዝር ስንዝር ብቻ ነው፤ ሰው በጣቱ የሚሞክረው እዚያ ጋ ስለሆነ። ሌላው ቦታ ደረቅ ነበር። ይህን ያደረገችው የዘጠኙን ሰዎች ደም ባጠበችበት እጅ ነው።

እሑድ ረፋዱ ላይ አደባባዩ በሰው ጢም ብሎ ሞላ፤ ወታደሩ ቤት ለቤት እየዞረ አስወጥቶት እንጂ ወዶ አይደለም። ጭልፊትን አመጡት፤ ፊቱ በዱላ አብጧል፤ የግራ እጁ ሁለት ጥፍሮች ተነቅለዋል። እኅቱ ልትጠጋው ስትል በሳንጃ መለሷት። ከታሰረ ጀምሮ አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

ሻምበሉ ሁለቱንም ጥንድ አሽከረከረ፤ ጎማዎቹን በአውራ ጣቱ ገፋ። እጁ ወደ ነጩ ሄደ፤ ነጩንም አነሣ። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፤ ዞር ብሎ ጭልፊትን ጠየቀው።

«አንተ የሙያው ልጅ ነህ። ምርጫው ያንተ ቢሆን የትኛውን ትወስዳለህ?»

ጭልፊት አላመነታም። በሙያ መዋሸት በዚያ ቤት አልተለመደማ! «አሮጌውን» አለ። «የበሰለ ነው።»

«እንግዲያው አሮጌው የኔ ነው። ነጩን ለእሱ ግጠሙለት።»

ወይ ጉድ! ሴትዮዋ የሻምበሉን አለማወቅ ስታሰላ የወንድሟን ማወቅ ረስታው ኖሯል። ዝም ብትል ጭልፊት የውድድሩ መንገድ ከሚያልፍበት ቁልቁለት አይተርፍም፤ ብትናገር እርሷ አትተርፍም። አገረ ገዥው ቃላቸውን በሕዝቡ ፊት ሰጥተው የመነሻውን ሽጉጥ ወደ ሰማይ ሲያነሡ ድምፅዋ አደባባዩን ሰነጠቀው።

«አቁሙ! የነጩ የፊት ጎማ አልተለጠፈም! ለዚህ ነፍሰ ገዳይ ብዬ ነው የተውኩት!»

ሻምበሉ ቀስ ብሎ መጥቶ በሽጉጡ እጀታ አፏን መታት፤ ጥርሶቿ ከደም ጋር መሬት ወደቁ። ደግሞ የቀኝ እጇን ከድንጋዩ ላይ አስይዞ ጣቶቿን በብስክሌት መፍቻ አንድ በአንድ ይሰብር ጀመር፤ የመጀመሪያው ሲሰበር ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ ግን ጩኸቷን ነፈገችው። አራተኛው ላይ አገረ ገዥው ሰዓታቸውን አይተው «ይበቃል፤ ረፍዷል» አሉ።

«ጎማው እንዳለ ይሂድ» አለ ሻምበሉ ላቡን እየጠረገ። «ለኔ የደገሰችውን ወንድሟ ይቅመሰው።»

ተኩሱ ተተኮሰ። ዳገቱ ላይ ሌሎቹ ጋላቢዎች ሁሉ ሻምበሉን መቅደም ፈርተው ወደ ኋላ ቀሩ። ጭልፊትና ሻምበሉ ተከታትለው አሥራ አንድ መታጠፊያ ያለው ቁልቁለት አናት ላይ ደረሱ። ጭልፊት የአባቱ ልጅ ነው፤ ፍሬን ቸርኬውን እንደሚያግለው፤ የጋለ ቸርኬም ማስቲሹን እንደሚያቀልጠው ያውቃል። የፊት ፍሬኑን ጨርሶ አልነካም፤ ክብደቱን ወደ ኋላ አድርጎ፤ በየመታጠፊያው ሰፋ አድርጎ እየዞረ ወረደ። ነጩ ጎማ ከሥሩ እንደሰፋ ጫማ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። በየመታጠፊያው የሞተ መስሎት በየመታጠፊያው ተረፈ።

ሻምበሉ ከኋላው ነው። ከባድ ሰው ነበር፤ ፈሪም ነበር፤ ያልታጠቀ ሰው ፊት ብቻ ነበር የማይፈራው። ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዶ ይዞ ቁልቁለቱን ሙሉ ሲወርድ ቸርኬው እንደ ምጣድ ጋለ፤ የባለቸርኬዋ ማስቲሽ ደግሞ ለእሽቅድምድም እንጂ ለእሳት የተቀባ አልነበረም። ስምንተኛው መታጠፊያ ላይ የበሰለው ጎማ ከቸርኬው ወጣ፤ ሻምበሉ በጭንቅላቱ የመንገዱን ግንብ መታ። ወታደሮቹ በካሚዮን ሲደርሱ ፊቱ ፊት አልነበረም፤ አንድ ጫማው ብቻ ፔዳሉ ላይ ታስሮ ቀርቷል።

ጭልፊት ብቻውን ጨርሶ ገባ። ወታደሮቹ ከብስክሌቱ ጎትተው አውርደው ጎድኑ እስኪሰበር ረገጡት። አገረ ገዥው ግን ሕዝቡ ሁሉ የሰማውን ቃል ማጠፍ ፈሩ፤ ስቅላቱ ቀረለት። እርሷ ያላመነችው ቃል ተጠበቀ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የሞት ፍርዱ የተላለፈው በእርሷ ላይ ነበር።

ከቀትር በኋላ በምሽጉ ግቢ ሲያሳልፏቸው ለአፍታ ተገናኙ። የተሰበረ እጇን በሻሿ ጠቅልላዋለች።

«የሱ ጎማ እንዴት ወጣ?» አለችው፤ ከሰላምታ በፊት። «የሱን እኮ ላንተ ብዬ፣ በደንብ ነው የለጠፍኩት!»

«ፍሬን ይዞ ነው የወረደው እትዬ። ቁልቁለቱን ሙሉ።»

ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። «አዬ! እኔ ደግሞ ሙያዬ የከዳኝ መስሎኝ፤ አንጀቴ ሲቃጠል ዋለ!»

«ባትጮኺ ኖሮ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቀርቼ ነበር» አላት እያለቀሰ። «ምነው ዝም ባልሽ እትዬ! ምነው እኔ በቀረሁ!»

«ዝም በል አንተ ልጅ። ለዚህ ነው እንዴ ያሳደግኩህ?»

በማግሥቱ ጠዋት ከራሷ ቤት በር ላይ አቁመው ረሸኗት። ቀዳዳዎቹ ሃያ ሆኑ።

የጦሩ መዝገብ «ሻምበሉ አንዲት ከሐዲት ሆን ብላ ሳትለጥፍ በተወችው ጎማ ሕይወቱ አለፈ» ይላል። ጭልፊት በምርመራው ላይ ያልተለጠፈው የራሱ መሆኑን ተናግሯል፤ ነጩንም ጎማ በሁለት ጣቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ልጦ አሳይቷቸዋል፤ ጸሐፊው ግን አልጻፈውም። ከአርባ ዓመት በኋላ መንግሥት ተገለበጠ፤ አዲሶቹ ሹማምንት ከዚያው በር አጠገብ እብነ በረድ ለጥፈው «ጨቋኙን ባልተለጠፈ ጎማ የጣለች ጀግና» ብለው ጻፉበት። በምረቃው ዕለት ጠጉሩ የሸበተው ጭልፊት ተነሥቶ «እኅቴ ሰው ለመግደል አስባለች፤ አልክድም። ያ ጎማ ግን በደንብ የተለጠፈ ነበር» አለ። ሽማግሌው ጃጅቷል ብለው አጨበጨቡለት።

እንዲህ ሆኖ ታሪክ ስለ ባለቸርኬዋ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ አንዴ ሲረግማት፤ አንዴ ሲያመሰግናት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያልሠራችውን ሥራ ሰጣት። ወንድሟን ለማትረፍ በሕዝብ ፊት የጮኸችው ጩኸት ግን በመዝገቡም የለም፤ በእብነ በረዱም የለም።