እትዬ አየር

«ከ‹ለዓመታት› ጀምረሽ ድገሚው፤ እዚያ ጋ ድምፅሽ ይወርዳል» አሉ የቋንቋ መምህሩ፣ በመሰብሰቢያ አዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተደላድለው።

ልጅቷ በነገው የአዲሱ የውሃ ጣቢያ ምረቃ ላይ የምታነበውን የንግግር ወረቀት ከፍ አድርጋ አነበበች። «ለዓመታት ቧንቧችንን በአየር የሞሉ እጆች ዛሬ ያርፋሉ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ይህን የጻፈችው ጓደኛዋ፣ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ሁሉም «ራዲዮ» የሚሏት፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እንደ ተዋናይ እጅ ነሣች።

ቀልዱ ማብራሪያ አያሻውም ነበር። በከተማዋ ቧንቧ ሲከፈት ከውሃው በፊት፣ ብዙ ጊዜም በውሃው ፈንታ፣ የሚወጣው አየር ነው። ፉጨቱ በተሰማ ቁጥር ሰው ሁሉ «እትዬ አየር መጣች» ይላል። እትዬ አየር የአሮጌው የውሃ ጣቢያ የፓምፕ ሠራተኛ ናት። መልኳን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ባዶ ባልዲ ይዞ ያልረገማት ግን የለም።

ልጅቷም ሳቀች። ከሁሉ ቀድማ መሳቅን ከተማረች ቆይታለች። እትዬ አየር እናቷ መሆኗን በትምህርት ቤቱ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለራዲዮም «እማዬ ቢሮ ነው የምትሠራው» ብላታለች።

«አቦ፣ ነገ ሕዝቡን በሳቅ ትፈጂዋለሽ!» አለቻት ራዲዮ ሲወጡ።

ወደ ቤት ስትመለስ አሮጌው ጣቢያ ጋ ጎራ አለች። ወለሉ በቅባት ጠቁሯል። ከሁለቱ ፓምፖች አንደኛው ከቆመ ዘመን አልፎታል፤ ብሎኑም ክዳኑም እየተፈታ ለሁለተኛው መጠገኛ ስለዋለ፣ ቀሪው እንደ ተዘረፈ ቤት ባዶ ሆዱን ከፍቶ ይታያል። እናቷ በሚያንጠባጥብ የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ አጎንብሳ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የቆረጠችውን ላስቲክ ታጠብቃለች።

«ነገ ለሚዘጋ ነገር ምን ያለፋሻል?»

«እስከ ነገ ሰው አይጠማም?» አለች እናቷ ቀና ሳትል። ቀጥላም፣ «ንግግር ታነቢያለሽ አሉ። አዲሱ ጣቢያ በራሱ ይነሣል፣ በራሱ ይቆማል፤ ሰው አያሻውም ብለው እኔን ዕቃ ግምጃ ቤት መድበውኛል። እንግዲህ የልጄን ድምፅ እንኳ እዚያ ብሰማ… ልምጣ?»

ልጅቷ ዐይኗን ወለሉ ላይ በተበተኑት መፍቻዎች ላይ ጣለች። «የግብዣ ካርድ ያስፈልጋል፣ እማዬ። ያለ ካርድ አያስገቡም።»

እናቷ ላስቲኩን አንድ ዙር ጠምጥማ ሳበችው። «ይሁን። ለነገሩ እኔም ሥራ አለኝ፤ አዲሱ ውሃ ሲለቀቅ የዚህን ቫልቭ የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል። ብቻ ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ አየር ቢወጣ እንዳትደነግጪ። ባዶ መስመር ውሃ ሲገባበት አየሩ መውጫ ይፈልጋል። በአዲሱም ያው ነው።»

በማግስቱ፣ ከአሮጌው በአንድ አጥር ብቻ በሚለየው በአዲሱ ጣቢያ ግቢ፣ ሰው ጢም ብሎ ሞላ። ሪባኑ ተቆረጠ። ከንቲባው ለዝግጅቱ የተተከለውን ቧንቧ ከፈቱ።

ፉጨት ብቻ ወጣ።

ከዚያ አንድ ሰው፣ «እትዬ አየር እዚህም ተከትላን መጣች!» ብሎ ጮኸ።

«ይቺ ሴትዮ ካልሞተች አትተወንም!» አለ ሌላው።

ከንቲባው ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ራዲዮ እየተንፈራፈረች የልጅቷ ትከሻ ላይ ተደገፈች። ልጅቷም እንደ ልማዷ ቀድማ ለመሳቅ አፏን ከፈተች፤ ከእሷም የወጣው አየር ብቻ ነበር።

ውሃው መጣ፤ መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቀጥሎ ጠርቶ። መምህሩ በእጃቸው ጠሯት።

ወረቀቱን ለራዲዮ አቀበለቻት። «አንቺ ጻፍሽው፤ አንቺ አንብቢው።»

«ምን ነካሽ? ፈራሽ እንዴ?»

«እትዬ አየር እናቴ ናት።»

ራዲዮ ሳቀች። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋ ተቋረጠ። «ቢሮ ነው የምትሠራው አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

ልጅቷ አጥሩን ዞረች። የድምፅ ማጉያው ተከትሏት መጣ፤ ራዲዮ ታነባለች። «ለዓመታት…» ስትል ድምፁ ቆመ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ። ራዲዮ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሕዝቡ ሳቀ፤ አጨበጨበም።

በአሮጌው ጣቢያ ውስጥ ፓምፑ ዝም ብሏል። እናቷ የቫልቩን መዘውር በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ጭብጨባው በግድግዳው ዘልቆ ይሰማል።

«ድምፁ ያንቺ አይደለም» አለች ዞር ሳትል።

«አይደለም።»

«ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ‹በሩ ክፍት ነው፣ ሁላችሁም ኑ› ሲል ነው የዋለው።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ የደንብ ልብሷን እጅጌ ሰበሰበች፤ ከእናቷ እጆች አጠገብ ቀዝቃዛውን፣ ቅባት የጠገበውን መዘውር ያዘች።

«ወደ የት ነው የሚዞረው?»

እናቷ የልጅቷን እጆች አየች። ከዚያ አንድ እጇን አንሥታ ቦታ ለቀቀችላት።

«ወደ ቀኝ» አለች። «እስኪጠብቅ ድረስ።»