የሐምዳን ተራ

በኅዳር አጋማሽ ፲፱፻፹፰ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ማሽላው በታጨደ ማግስት፣ የአሶሳ ሜዳ በሰው ተሞልቶ ነበር። ክልሉ ገና አዲስ ነበረና ለጽሕፈት ቤቶቹ ሁሉ ወንበር አልተዳረሰም፤ ለደስታ ግን ወንበር አያሻም ተብሎ የዘፈን፣ የግጥምና የጭፈራ ምሽት ተሰናዳ።

ፎቶ አንሺው አቶ ወሰን ከጎጃም መጥቶ በከተማይቱ ሱቅ የከፈተ፣ ለስሙ እጅግ የሚሳሳ ሰው ነበር። አዘጋጅ ኮሚቴው የዙምባራ ነፊዎችን ፎቶ በክልሉ የመጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሊያወጣ፣ ከሥሩም የአንሺውን ስም ሊያትም ቃል ገብቶለታል፤ እርሱም ልምምዱን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲከታተል፣ ብርሃኑ ያማረው ከነፊው ከሐምዳን ጎን ሆኖ ስላገኘው ከዚያ አልተነቃነቀም። በዚያ ቀን ግን ሹማምንቱ «አንድ አንሣን» እያሉ ፊልሙን አራቆቱበትና ለአንድ ፎቶ ብቻ የሚበቃ ቀረው።

ዙምባራ ከቅል የተቀጣጠለ ረዥም መለከት ነው፤ አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚሞላውም ዐሥሩ ነፊዎች እየተቀባበሉ ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። ሊጀምሩ ሲሉ ግን ሐምዳንን በመንደሩ በመንጌ ወባ እንደ ጣለው ተሰማ። ኮሚቴው በዘጠኝ ሰው ይነፋ፣ ማን ልብ ይለዋል ቢል፣ የነፊዎቹ አለቃ ሽማግሌው ሙርሳል ጥርሱ የወለቀ ዜማ እንግዳ ፊት አላቀርብም ብለው እምቢ አሉ፤ ቀጥለውም ባለቤት ያጣውን መለከት አንሥተው ወደ ወሰን መጡ።

«አቶ ወሰን፣ አንተ ሦስት ሳምንት ሐምዳን ጎን ነው የቆምከው። የሱ ድምፅ መቼ እንደሚገባ አንተ ታውቃለህ። ወላሂ፣ አንተ ትነፋለህ።»

«ፎቶውንስ ማን ያነሣዋል፣ አባቴ?»

«ፎቶ ነገም አለ። ይሄ ሰው ሁሉ ነገ የለም።»

ወሰን ከፋው፤ ስሙ ከእጁ ሲያመልጥ ታየው። ሆኖም ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ ለመምህርት እፀገነት ሰጣት፤ እርሷም ግጥሟን አንብባ ገና መውረዷ ነበር፦

«ከመንጌ የመጣ፣ ከባምባሲ የመጣ፣
እግሩ ሲደባለቅ አንድ አቧራ ወጣ።»

እኔ የማውቀው ጠመኔ ነው ብላ ብትለምነውም፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ተጫኚ ብሏት ሄደ። የመጀመሪያው ንፊያው ቀድሞ ገባና ጥጃ የጠፋባት ላም ድምፅ ሆኖ ጨፋሪዎቹን ሴቶች በሣቅ ጣላቸው፤ ሁለተኛው ግን ልክ በሐምዳን ተራ ላይ ወደቀ። ዜማው ሞላ፤ ሴቶቹ እየሣቁ ነፊዎቹን ከበው ዞሩ፤ ቀዩ አቧራ እስከ ወገብ ተነሣ፤ ወሰንም ስለ ስሙ ማሰቡን ረስቶ ደስ አለው።

የቀን መቁጠሪያው በታተመ ጊዜ ፎቶው አምሮ ወጣ። የኮሚቴው ጸሓፊ ከሥሩ «ፎቶ፦ እፀገነት» ብሎ ጽፎ፣ የነፊዎቹን ስም ከመርሐ ግብሩ ላይ በተርታ ስለ ገለበጠ፣ ጉንጩን የነፋው ወሰን «ሐምዳን» ተብሎ ቀረ። ሐምዳንም ድኖ ሲመጣ አይቶት፣ ወባ ሰውን እንዲህ ያወፍራል እንዴ ብሎ ሣቀ።

ታሪክ የሚያስቀምጠው የተጻፈለትን ነው፤ የወሰንን ስም የጻፈለት ግን አልነበረም። እርሱም ይታረምልኝ ሳይል ወረቀቱን በሱቁ ግድግዳ ሰቀለው፤ ደንበኞች ይህ ነፊ አንተን አይመስልምን ሲሉት፣ «የለም፣ እርሱ ሐምዳን ነው» ይላቸው ነበር።